40 ሺህ ዓመት ያለ አንድ ፎሎወር

ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ካለው ገደል ላይ ፖርክ-ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ እዚያ የነበሩ ሰዎች ቀይ ድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያዘጋጁ ነበር። ከዋሻው ወለል ተቆፍሮ የወጣው የቀለም ድንጋይ ከ4 ሺህ ስብርባሪ ይበልጣል፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል ሆኗል። አቦ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት! ግን ምን ዋጋ አለው፣ ፔጅ አልከፈቱም። ከእነሱ በኋላ የመጡትም ግድግዳው ላይ ሰውና እንስሳ ስለው ሄዱ እንጂ «ላይክ፣ ሼር ማድረግ እንዳይረሳ» ብለው አልጻፉም። ፈረንሳዊው ካህን አንሪ ብሮይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1933 እዚያ ድረስ መጥቶ ሥዕሎቹን ሲያጠና አንድ ሰልፊ አልተነሳም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው እንግዲህ ሊቅ የሚባለው።

ደግነቱ ዛሬ የሙዚየም ሥራ ወደ ባለሙያዎቹ እጅ ገብቷል። ስሙን የማልጠራውን አንድ የአገራችንን ሙዚየም ገጽ ተመልከቱ። እንግዶች በሰልፍ ቆመዋል። መሃል ያሉት ኃላፊ እጃቸውን ወደ አንድ ሥዕል ዘርግተዋል፤ ክርናቸው ስለጋረደው ከሥዕሉ የሚታየው የፍሬሙ አንድ ማዕዘን ብቻ ነው። ከሥር ያለው ጽሑፍ የተገኙትን ሁሉ ከነማዕረጋቸው ይዘረዝራል። የሠዓሊው ስም የለም። ትክክል ነው፤ ሠዓሊው በዕለቱ አልተገኘማ።

ኮሜንቱ ውስጥ አንዱ «ቅዳሜ ክፍት ነው?» ይላል። ገጹ ቀይ ልብ ላከለት። ሌላው «መግቢያው ስንት ነው?» ሲል ሁለት የተጣመሩ እጆች ምስጋና አቀረቡለት። ሕዝብን ማሳተፍ የሚሉት ይሄንን ነው። ሰውየው ቅዳሜ ሄዶ በሩን ተቆልፎ ቢያገኘው እንኳ መወደዱን አውቆ ይመለሳል።

ከውጭ አገርም መማር ይቻላል፣ መርጦ ከሆነ። የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2020 የኢንስታግራም ዝነኛዋን ኪያራ ፌራኚን ከቦቲቼሊ ቬነስ ፊት አቁሞ ፎቶዋን ለጠፈ፤ ሰው ተንጫጫ፣ ግማሹ ሰደበ፣ ግማሹ አደነቀ፣ ቬነስም ከኋላ ሆና ታየች። ይሄ ይበል የሚያሰኝ ነው። የእንግሊዝ የገጠር ሕይወት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 ያደረገው ግን ለማንም አይመከርም። ከማኅደሩ የአንድ ግዙፍ በግ የድሮ ፎቶ አወጣና፣ የበጉን ግዝፈት የሚያደንቅ አጭር ቀልድ ጽፎ ለጠፈው። አንድም ባለሥልጣን የለበትም፣ በግ ብቻ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ወደደው፤ ሠራተኞቹም ለጻፈላቸው ሰው በቀልድ ሲመልሱ ሰነበቱ።

ይህ አደገኛ ልማድ እኛ ጋ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ለመሥራት መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይጠይቃል። መዝገብ መገለጥ አለበት፣ አቧራ ይነሳል፣ ሰው ያስነጥሳል። እኛም በግ ብናጣ ከብት አለን፤ ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በለገ ኦዳ ዋሻ ከጥንት ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተስለው የቆሙ። ከእነሱ አንዷን ላም ብንለጥፍ የድሬዳዋ መጋላ ልጅ ተነስቶ «ማን ሳላት? በምን? እንዴት ነው የምሄደው?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ሁሉ የሚሆን ኢሞጂ ገና አልተሠራም።

ስለዚህ ድሬ ሥዕልን በሚገባው ቦታ፣ ማለትም ከሰው ጀርባ፣ ታቁመው። የድሮው ባቡር ጣቢያና ያረጁት ሎኮሞቲቮች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማዋን ቆረቆረ የሚለው ታሪክ ለካፕሽን ይረዝማል፤ «ድሬ ፏ ብላለች» ይበቃል። ሐረር የተወለደው ሠዓሊ ገብረክርስቶስ ደስታም በዚህ ረገድ ባለውለታችን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በስሙ የሚጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ረቂቅ ሥዕሎቹ ከማንኛውም ቀሚስ ጋር ይሄዳሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ የሚቆም ሰው ደግሞ ወረፋ ያበላሻል።

የዋሻውን ቀይ ቀለም ማየት የሚፈልግ ድሬዳዌ ካለ፣ ስብስቡ ያለው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እዚያ ድረስ ግን ምን አንከራተተው? ስልኩ ላይ ፊልተር አለ፤ አንዴ ጫን ቢያደርግ ከነፊቱ ይቀላል።

የሚቀረን ለገ ኦዳ ነው። የዋሻው አፍ ላይ ትልቅ ባነር ይሰቀል፤ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል፣ የኃላፊዎቹ ፎቶ በግራም በቀኝም ያለበት፣ ከታች የፔጁ አድራሻ። ከብቶቹ አይታዩም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ፀሐይም ንፋስም አያገኛቸውም፤ በሪፖርቱ ላይ «ቅርስ ጥበቃ» በሚለው ረድፍ ይገባል።