ሁለት ሜትር የጎደለው ፈተና

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። በአካል ብቃት የትኛው ቡድን ይበልጣል የሚል ክርክር ተነሳና እግር ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ እንድንፈተን ተወሰነ። አንደኛ የሚወጣው አዲስ ትጥቅ ያገኛል ተባለ። የእኛ ማሊያ ቁጥሩ ተልጦ አልነበብ ብሎ ስለነበር ነገሩን አጥብቀን ያዝነው።

የተመረጠው ቢፕ ቴስት ነው። በሁለት መስመሮች መካከል 20 ሜትር እየተመላለስክ፣ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት መስመሩን መርገጥ አለብህ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ይነሳና በየደቂቃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ እያወሩ ይሮጣሉ፤ እየቆየ ወሬው ይቀራል።

ለእግር ኳሶቹ ሣሩ ላይ 20 ሜትር ተለክቶ ኖራ ተሰመረላቸው። ዝናብ ስለነበር መታጠፊያው ጭቃ ሆኖ ያንሸራትት ነበር። እኛን ሲሚንቶው ላይ አሰለፉን፤ መስመራችን የመረብ ኳስ ሜዳው ሁለት ጫፍ ሆነ። አንደኛ ወጣን። ጭፈራው ሳይበርድ የእግር ኳሱ አምበል መጥቶ «ይሄ ሜዳ ስንት ሜትር ነው?» አለ። የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 18 ሜትር ነው። በየምልልሱ 10 በመቶ ተቀንሶልን ነበር፤ ፈታኞቹ ሜትር አልዘረጉም።

ፈተናው ተደገመ። እግር ኳስ አንደኛ፣ እኛ መጨረሻ፤ ትጥቁም ወደዚያው ሄደ። አምበሉ እውነቱን ነው፣ አልከፋኝም። «መረብ ኳሶች ብቃት የላቸውም» የሚለው ፍርድ ግን ዛሬም ይከነክነኛል። እግር ኳስ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ልቡና ሳንባው ለዚያ ነው የሚሠለጥነው። የእኛ ጨዋታ ለጥቂት ሰከንድ ይጦፍና ያርፋል፤ 2.43 ሜትር ከፍታ ካለው መረብ በላይ ደጋግሞ መነሳት ይጠይቃል። ግዙፉ የቅርጫት ኳስ ተጫዋችም ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ነው የሚታጠፈው። የእኛ ግቢ ደግሞ ደጋ ላይ ነው፤ ከጋምቤላ ቆላ በቅርቡ የመጣ ልጅ አየሩን እስኪለምደው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህንን ማንም አልመዘገበለትም።

በማግስቱ አንድ መምህር ጣታችንን ጠመኔ አስነክተው ግድግዳ ላይ አዘለሉን። መጀመሪያ ቆመህ እጅህን ሰቅለህ ትነካለህ፣ ቀጥሎ ዘለህ ትነካለህ፤ የሚለካው በሁለቱ ነጭ ምልክቶች መካከል ያለው ነው። አጭሩ ኳስ አመቻቻችን ከአምበሉ በአንድ ክንድ በሚጠጋ ልዩነት በለጠ። አምበሉ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየና «ወንድሜ፣ ይሄን ጉልበት የት ደብቀኸው ነው?» አለው። ለዚህኛው ፈተና ትጥቅ አልነበረውም።

አሰልጣኞች፣ እባካችሁ ቡድኖችን ስታወዳድሩ ሜትር ዘርግታችሁ ለኩ፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሜዳ ፈትኑ። ሩጫውን ብቻ ሳይሆን ዝላዩን፣ ውርወራውንና የእጅ ጭብጡንም መዝግቡ። ከሁሉም በላይ ተጫዋቹን ከራሱ የአምና ውጤት ጋር አስተያዩት።