ድርሳን ዘእዝን፦ ሕፃን ለረውዳ መድረሱ በምን ይታወቃል?

ይህ ድርሳን የተፀነሰው ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነው። የቤቱ አባወራ የወሎ ሰው ነው። ምንጣፉ ላይ መኪና የሚነዳውን ልጁን እያየ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ይሄ ልጅ ለረውዳ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» አለን። ሊቅ ተጠይቆ ዝም ማለት ነውር ነውና፣ አቦሉ ሳይነሣ ምርምራችንን ጀመርን።

የመጀመሪያው እንቅፋት ዕድሜ ነው። ረውዳ፣ ማለትም የሳዑዲ መዋዕለ ሕፃናት፣ ልጅ የሚቀበለው ከ3 ዓመት ጀምሮ ነው። እናቱ በሐበሻ አቆጣጠር ስታሰላ 3 ዓመት ሊሞላው 30 ቀን ይቀረዋል፤ በፈረንጁም ያው ነው። የሒጅራ ዓመት ግን በ11 ቀን ግድም ስለሚያጥር፣ በጨረቃ ከተቆጠረ ልጁ ከትናንት ወዲያ ሞልቶታል። በጨረቃ ደርሷል፣ በፀሐይ አልደረሰም ማለት ነው። ይህን ተራ ነገር የሚለው ሰው፣ የሳዑዲ መንግሥት በ2016 እ.ኤ.አ. የሠራተኞቹን ደመወዝ ከሒጅራ ወደ ፀሐይ አቆጣጠር ሲያዞር የሆነውን ራሳቸውን ሠራተኞቹን ይጠይቅ፤ 11 ቀን ስንት ሪያል እንደሆነ ይነግሩታል።

ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ጆሮ። ልደቱን የመዘገበለት ሰው ሳይኖር አገር ቤት ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያስታውሰዋል፦ «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ግራ ጆሮህን ንካ!» የነካ ይመዘገባል፤ ጣቱ ቅንድብ ላይ የቀረ «ለከርሞ» ይባላል። ዘዴውን የሚንቁ አሉ፤ እኛ ግን አንንቅም። የሕፃን ራስ ትልቅ፣ ክንዱ አጭር ነው፤ ክንድ አናትን ተሻግሮ ጆሮ ላይ የሚያርፈው በ6 እና በ7 ዓመት ግድም ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲም አንደኛ ክፍል የሚጀመረው በ7 ዓመት ነበር። ልጆቻችሁን በ7 ዓመታቸው በሶላት እዘዙ የሚል ሐዲስም አለ። ጆሮ፣ ፖሊሲና ሐዲስ ሰባት ላይ ሲገናኙ፣ ሦስት ብሎ ድርቅ ያለው ረውዳ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ጅዳ ላይ ስላልተቋጨ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን መካ ገባን። መካ በዚህ ነገር የቆየ ልምድ አላት። የጥንት ባላባቶቿ ጨቅሎቻቸውን ለበረሃ አየርና ለጠራ ዐረብኛ ሲሉ ለዘላን ሞግዚቶች ይሰጡ ነበር፤ ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚሁ ወግ በሐሊማ እጅ አድገዋል። ያን ጊዜ «ደርሷል ወይ?» ብሎ ጆሮ ያስነካ አልነበረም። እናታቸው አብዋ ላይ ሲያርፉ የ6 ዓመቱን ሕፃን ይዘው መካ የመለሱት ኡሙ አይመን ደግሞ ሐበሻዊት እንደነበሩ የሲራ መጻሕፍት ይናገራሉ። ስማቸውም በረካ ነው። እዚህ ላይ ቀልዳችንን ከነጫማው በር ላይ እናወልቃለን።

መካ የምትኖረው የልጁ አክስት ሐተታችንን ከአቆጣጠሩ ጀምሮ እስከ ጆሮው ታግሣ ሰማች። እንጀራ እየጠቀለለች፦

«ሽንቴ መጣ ይላል?»

«ይላል።»

«በማን አፍ?»

ዝም አልን። ልጁ ቤት ውስጥ የሚለው «ሽንቴ!» ነው። ረውዳ ያለችው አብላ፣ አስተማሪዋ፣ ግን ለመጸዳጃ ቤት የምታውቀው «ሐማም!» የሚለውን ነው። ልጁ ሱሪውን ጨብጦ «ሽንቴ፣ ሽንቴ» ሲላት፣ ስሙን እየነገራት መስሏት ጎበዝ ብላ ታጨበጭብለታለች። በአማርኛ የደረሰ ልጅ በዐረብኛ ይርሳል። ሦስት አቆጣጠርና ሁለት ጆሮ ስንመረምር ይህን መዝለላችን፣ ለነገሩ፣ የሊቃውንት ሁሉ በሽታ ነው።

ጅዳ ስንመለስ ልጁ ለአንድ ሳምንት «ሐማም» ሲባል ከረመ። ዓርብ ከሰዓት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ፈተናው ተጀመረ። «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ጆሮህን ንካ» አልነው። አየን። ቀኝ እጁን አነሣና አጠገቡ ያለውን ቀኝ ጆሮውን ያዘ።

«አይ፣ አዙረህ! በላይ በኩል!»

«ኸላስ!» አለ፤ ጆሮው እንደተያዘ ነው። ቀጥሎም ዐይናችንን ትኩር ብሎ እያየ፣ ጥርት ባለ የሒጃዝ ዐረብኛ «ሐማም» አለ።

ጉባኤው አጨበጨበ። እናቱ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ምንጣፉን ቀድማ አይታው ነበር።