ባትሪው ያለቀበት አምባሰል

በሸጠው በሬ የሚቆጭ ገበሬ አይቻለሁ፤ አባቱ በሸጡት ቦታ ላይ ፎቅ ሲወጣ እያየ የሚብከነከን ጎረቤትም አለኝ። እኔን የሚቆጨኝ በ1994 ዓ.ም. ደሴ ላይ በ3,200 ብር የሸጥኩት ኪቦርድ ነው። ያማሃ ዲኤክስ 7 ይባላል። ባለቤቴ፣ “ከዚያ ወዲህ ስንት የተሻለ ገዛህ፤ አሁን ምን ጎደለብህ?” ትለኛለች። ዕቃው አልጎደለብኝም። የጎደለብኝ ዕቃው ውስጥ ያስቀመጥኩት ነገር ነው። እሱን ለመናገር ግን ሳልገዛው ከቀረሁት ልጀምር፤ ቁጭቴ ሁለት ነውና።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ደሴ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ስማር የአንዱ ቀበሌ ኪነት አባል ሆንኩ። አዳራሹ ውስጥ፣ ከመድረኩ ጥግ፣ ፋርፊሳ ኦርጋን ቆሞ ነበር፤ ከተወረሰ ቡና ቤት የመጣ ነው ይሉ ነበር። ጣሊያን ሠራሽ ነው፣ በብረት እግር የሚቆም። በስተግራ ጫፍ ያሉት ቁልፎቹ ቀለማቸው የተገለበጠ ነው፤ ነጭ መሆን ያለበት ጥቁር፣ ጥቁር መሆን ያለበት ነጭ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፤ ከሳክስፎንና ከጊታር መሀል ሾልኮ የሚሰማ ድምፅ። ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ሲጫወቱት የነበረውን ኦርጋን በካሴት የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። እኔ ጣቴን የፈታሁት በዚያ ኦርጋን ነው።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ፈረሰ፤ ኦርጋኑም መጋዘን ገባ። በ1985 ከአሮጌ ወንበርና ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ጋር ለሽያጭ ወጣ። ገንዘቡ ነበረኝ። ሄጄ ሰክቼ ስሞክረው ሁለት ቁልፍ ዝም አለኝ። “ይህ የሞተ ዕቃ ነው፤ ትንሽ ቀን ይቆይ፣ ዋጋው ይወርዳል” ብዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ስሄድ የለም። የገዛው ሰው ኦርጋን አልነበረም የፈለገው። ከወራት በኋላ ሻይ ልጠጣ የገባሁበት ቤት ጠረጴዛው በነዚያ የብረት እግሮች ላይ ቆሞ አየሁት። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የሚያንገበግበኝ በኋላ ያወቅሁት ነው። ፋርፊሳ ውስጥ ለ12ቱ ኖታዎች 12 ድምፅ አመንጪዎች አሉ፤ የታችኞቹ ኦክታቮች የሚገኙት የእነዚያን ድምፅ ለሁለት ለሁለት እየከፈሉ ነው። አመንጪው ቢሞት ያ ኖታ ከላይ እስከ ታች በሁሉም ኦክታቭ ይጠፋል። የእኔዎቹ ግን በአንድ ቦታ ብቻ ነበር ዝም ያሉት። ይህ ማለት በቁልፉ ሥር ያለው የሽቦ መገናኛ አቧራና ዝገት ይዞታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ አልኮል የነካ ጨርቅ ይበቃው ይሆናል። ያን ዕለት ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

ዲኤክስ 7ን ያገኘሁት በ1987 ነው። ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው ይዞት መጥቶ ደሴ ይሸጠው ነበር። እንደ ፋርፊሳው እንዳያመልጠኝ ብዬ ሳልከራከር 4,500 ብር ሰጠሁት፤ ግማሹ የእናቴ ነበር። ቡናማ አካል፣ አረንጓዴ የሚመስሉ ጠፍጣፋ መጫኛዎች፣ 61 ቁልፍ፤ ክብደቱ 14 ኪሎ ያልፋል። ያማሃ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ድምፅ የሚሠሩት ወፍራሙን ድምፅ በማጣሪያ እያሳለፉ ነበር። ይኼኛው ሌላ ነው። ውስጡ ስድስት ኦፕሬተር የሚባሉ ድምፅ አመንጪዎች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከመንቀጥቀጡ አዲስ ድምፅ ይወለዳል። ማን ማንን ያንቀጥቅጥ የሚለው 32 ዓይነት አሰላለፍ አለው። መንገዱን ያገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ቻውኒንግ ነው። ቁልፉን ቀስ ብለህ ስትነካው ለስላሳ፣ ጠንከር ስትል ስል ይሆናል፤ ክራር የሚመታ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

እኔም ያሰብኩት ክራርን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቅ አልፈህ ወደ ውጫሌ ስትወጣ የአምባሰል ተራራ አለ፤ አንዱ ቅኝታችን ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰል ስታዜም ሰምቶ ዝም የሚል የወሎ ሰው አላውቅም። ቅኝቱን በኪቦርድ ለማግኘት ለጀማሪ አይከብድም፤ ጥቁር ቁልፍ አያስነካም። ከሚ ተነሥተህ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ትላለህ። እነዚያኑ አምስቱን ከላ ብትጀምራቸው የትዝታው ማይነር ይሆናሉ፤ ቤቱ አንድ ነው፣ የምትገባበት በር ነው የሚለየው። ይህን ሳውቅ ልጅ ስለነበርኩ አምባሰልን ያወቅሁት መስሎኝ ነበር።

ሐይቅ ገበያ ላይ የማውቃቸው አንድ ማሲንቆ መቺ ሽማግሌ ነበሩ። ቤት ጠርቼ ኪቦርዱን አሰማኋቸው። ዝም ብለው ሰሙና፣ “ልጄ፣ ሁለተኛዋን ረገጥካት” አሉኝ።

“የቷን ጋሼ?”

“ከመነሻዋ ቀጥላ ያለችውን። እሷ አትረገጥም፤ ትታሻለች።” ማሲንቆውን አነሡና ፋን ከታች እየሳቡ አሳዩኝ። ጣታቸው ክሩ ላይ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ይቀርባል፣ ይሸሻል። ኪቦርድ ግን ኦክታቩን እኩል 12 ቦታ ቆርጦ ጨርሷል። የማሲንቆው ፋ የኔዋ አጠገብ ነው እንጂ እሷ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ያህል በዚያች ፋ ላይ ቆየሁ። በግራ እጄ ድምፅ ማጠፊያውን ጎማ እያሸሁ፣ በቀኝ እየመታሁ። ድምፁንም ራሴ ልሠራው ተነሣሁ፤ ክርን የሚነቅል ጣት፣ ከሥሩ የቆዳ ጉምጉምታ፣ ከላይ ደግሞ ብረት ብረት የሚል ጭረት። ለብረቱ ያነሣሣኝ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ቤታችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም፤ ጥቅምት 17 ሌሊት ማኅሌት ሲቆም፣ ነፋሱ ወደ እኛ ከሆነ፣ ጸናጽሉ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይመጣል። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እናቴ እስጢፋኖስን የምታውቀው በዚያ ድምፅ ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ትቆማለች። ዲኤክስ 7 እንደ ደወልና እንደ ጸናጽል ያለ ድምፅ ይሆንለታል፤ ሁለቱ ኦፕሬተሮች በሙሉ ቁጥር የማይካፈሉ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ አንዱን 1 ሌላውን 1.41 ስታደርጋቸው፣ ብረት ይናገራል። መብራት የሚመጣባቸውን ሌሊቶች እየጠበቅሁ ቁጥር በቁጥር ሠራሁት። አልቆ ሳሰማቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ “አሁን ቀርበሃል” አሉ። የኪቦርዱ መስኮት ለስም ከ10 ፊደል በላይ ስለማይቀበል በላቲን አምባሰል ብዬ ጻፍኩበትና አስቀመጥኩት።

በዚያ ድምፅ ሰባት ዓመት ሠርግ ሠራሁ። ከደሴ ሐይቅ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኪቦርዱ በሸራ ተጠቅልሎ የመኪናው ፖርቶ መጋላ ላይ ይታሰራል። ቦሩ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲጀምር ልቤ ከጣራው ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ረዳቱን ለምኜ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ፤ ስወርድ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ትልቁ መከራ ግን የመብራቱ ነው። ዕቃው ከአሜሪካ ስለመጣ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220። ትራንስፎርመር ይዤ ነበር የምዞረው። በ1990 ተሁለደሬ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ሊገባ ሲል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነሣ፤ በጨለማው ሰው ሲተራመስ ከሠርገኛው አንዱ ሊረዳኝ ብሎ ገመዴን ከትራንስፎርመሩ ነቅሎ በቀጥታ ሰካው። አንድ ቃጠሎ ሸተተኝ። ሠርጉ በከበሮና በማሲንቆ አለፈ፤ ደግሞም ደምቆ አለፈ። እኔ ሌሊቱን ኪቦርዱን አቅፌ አደርኩ።

ደሴ ያለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ከፈተው። ፊውዙንና አንድ ሁለት ክፍል ለወጠና ነፍስ ዘራበት። ከዚያ ሳንቲም የምታክል፣ በቆርቆሮ የተበየደች ባትሪ በጣቱ እያሳየኝ፣ “ወንድሜ፣ ይቺን ታያታለህ? የሠራኸውን ድምፅ የያዘችው እሷ ናት። ያለቀች ቀን ሁሉም ይጠፋል። ወይ ማስቀመጫ ካርትሪጁን ፈልግ፣ ወይ በወረቀት ገልብጠው” አለኝ። ካርትሪጅ ደሴ የት ይገኛል? ወረቀት ግን ነበር። የአንድ ድምፅ ዝርዝር 145 ቁጥር ነው፤ ከደብተር አንድ ቅጠል ይበቃዋል። ጀመርኩት። የሦስቱን ኦፕሬተሮች ጻፍኩ፤ ሰው ጠራኝ፤ ነገ እጨርሰዋለሁ አልኩ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሠርገኛው ሌላ ነገር ይፈልግ ጀመር። ራሱ ከበሮ የሚመታ፣ ራሱ ቤዝ የሚሄድ፣ አንድ ሰው ባንድ የሚያህልበት ኪቦርድ መጣ። ዲኤክስ 7 ከበሮ የለውም፤ በአንድ ጊዜም አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሥራ እየቀነሰብኝ፣ ሁለተኛ ልጄ እየተወለደ፣ ሸጥኩትና ላዩ ላይ ጨምሬ አዲሱን ገዛሁ። ዲኤክስ 7ን የገዛኝ ልጅ ከእኔ ያነሰ የከተማው ሙዚቀኛ ነው። “ጋሼ፣ ይቺ አምባሰል የምትለዋ ምንድን ናት?” አለኝ። “አታጥፋት፤ ጥሩ ናት” አልኩት። በቃ። ያን ቀን ተቀምጬ ቀሪዎቹን ሦስት ኦፕሬተሮች መገልበጥ እችል ነበር፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከዓመታት በኋላ ነው የኃይሉ መርጊያን ሌላ ታሪክ የሰማሁት። ከዋልያስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ይኸው ዲኤክስ 7። ሙዚቃው የቆየ፣ መሣሪያው ያን ጊዜ ገና አዲስ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን ታክሲ ነዱ፤ ኪቦርድ ግን ከመኪናው ኋላ አይለያቸውም ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱበታል። ያን ካሴት ብራየን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ደግሞ ከነከነኝ። ካሴት ስለነበረ ተገኘ። በየሠርጉ፣ በየቡና ቤቱ፣ በየኪነቱ እንደ እኔ በየጓዳቸው ድምፅ የሠሩ ስንት ናቸው? ዘፈኑን እንሰበስባለን፤ ዘፈኑ የወጣበትን ድምፅ ማን ሰበሰበ?

ዲኤክስ 7ን የገዛኝን ልጅ በ2015 ዓ.ም. ደሴ ላይ አገኘሁት። ኪቦርዱ እንዳለ ነገረኝ፤ በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑም ፍራሹም ተወስዶ፣ እሱ ከተሰበረ ቁም ሣጥን ኋላ ቀርቶ ነበር። መልሼ ገዛሁት፤ ዋጋውን ለባለቤቴም አልነገርኩም። ሐይቅ አምጥቼ፣ ትራንስፎርመር ፈልጌ፣ ሰካሁት። በራ። መስኮቱ ላይ ባትሪ ቀይር የሚል ጽሑፍ መጣ። 32ቱን የድምፅ ማስቀመጫ ቦታ አንድ በአንድ አየሁ፤ ትርጉም የሌለው ፊደልና እንደ መጥረቢያ ስለት የሚፋጭ ጩኸት ነው ያለባቸው። አምባሰል የነበረችበት ቦታ ላይ ስጫን ምንም አልተናገረም።

ልጅ ሳለሁ አባቴ እስጢፋኖስ ይዘውኝ ገብተው፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እዚህ ይኖራል ብለውኝ ነበር። ቆዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ነው፤ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ያን ብራና ነበር፤ የደብተሬንም ግማሽ ቅጠል።

ቅጠሏን አገኘኋት። እናቴ ደብተሮቼን በሳጥን አኑራልኝ ነው ያረፈችው። አዲስ ባትሪ አስገጥሜ ሦስቱን ኦፕሬተሮች ከወረቀቱ መለስኳቸው። ለቀሩት ሦስቱ ያለኝ የ1991 አንድ የሠርግ ካሴት ነው፤ እልልታውና ጭብጨባው ውስጥ፣ ሰው በሚተነፍስባት ትንሽ ቦታ ላይ፣ ድምፄ ብቅ ትላለች። አራት ሰከንድ፣ አምስት ሰከንድ። እሷን አጫውታለሁ፣ አቆማለሁ፣ ቁጥር እቀይራለሁ፣ እመታለሁ። ሽማግሌው የሉም፤ “ቀርበሃል” የሚለኝ የለም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ አራተኛውን 1.41 አደረግሁትና ሚን፣ ቀጥሎ ፋን ከታች እያሸሁ መታሁ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ወጥታ እጇ ሊጥ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመች። “ይኸ የእኛ ሠርግ ላይ የነበረው አይደለም?” አለች። አይደለም፤ ብረቱ በዝቷል፣ ቆዳው ገና አልመጣም። ቢሆንም ደብተሩን ከፈትኩና የአራተኛውን ቁጥሮች ሁሉ ጻፍኳቸው፤ ከሥሩም ቀኑን።