ቃኘው ያልሆነ አያት ይገኝ ይሆን?

አያት አደባባይ ዙሪያ ማኪያቶ ይዞ ወሬ ለሚሰማ ሰው፣ ኮሪያ የዘመተው ጦር ከከተማው ሕዝብ ሳይበልጥ አይቀርም። በየተራ የሄዱት የቃኘው ሻለቃዎች ግን ተደምረው ከ6,000 ብዙም አልዘለሉም። የመጀመሪያው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ መርከብ ሲሳፈር ሰዉ የተመለመለው ከክብር ዘበኛ ነበር፤ ኮሪያ ሲደርስም ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ለዘማች የልጅ ልጆች የኮሪያ የትምህርት ዕድል ከተሰማ ወዲህ ሻለቃው እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ሄዷል።

አባባ ምን ያድርጉ? ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ «ክብር ዘበኛ ነበርኩ» ማለት አያዋጣም ነበር። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ከኮሚኒስት ጋር ተታኩሶ የተሸለመ ሰው ሜዳሊያውን ከሳጥኑ ሥር፣ ከቡልኮ በታች ነው የሚቀብረው። ዛሬ ለዚያች ሳጥን ቁልፍ ቤተሰቡ ይራኮታል። በዓመት በዓል እንኳ ብቅ የማይሉ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ «አባባ፣ መለያ ቁጥርዎ ስንት ነበር?» ይላሉ።

መዝገብ ለማገላበጥ የቆረጠ ሰው ባቡሩ አለለት፤ ከአያት ተነስቶ በቀጥታ ጦር ኃይሎች ያደርሰዋል፣ ከመጣ። ስምና የአባት ስም ብቻ ይዞ ለሚፈልግ ሞክሼ አይጠፋም። ከሞክሼዎቹ መሃል ቤተሰቡ የሚመርጠው ታዲያ ወጥ ቤት የተመደበውን አይደለም፣ ኮረብታ ላይ የተሸለመውን ነው።

ይህም ያልሆነለት ወደ ዓድዋ ይዞራል። በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲባል ስንቁን ይዞ የወጣ ሠራዊት የፈረመበት የደመወዝ መዝገብ የለማ፤ ማን ያስተባብላል?