ወንበር በየማዕረጉ

በአዲስ አበባ ቢሮዎች ያለ ምንም መመሪያ በልማድ ብቻ ጸንቶ የኖረ ጥበብ ቢኖር የወንበር አደላደል ነው። በዚህ ጥበብ መሠረት ወንበር የሚሰጠው ለሚቀመጥ ሳይሆን ለሚሾም ስለሆነ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲዘዋወር የሚውለው ሥራ አስኪያጅ ራስ መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ፋብሪካ ያለበሰው ፕላስቲክ እንኳ ያልተገፈፈለት ተሽከርካሪ የቆዳ ወንበር ይደርሰዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከኮምፒውተር ፊት የማትነቃነቀው የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ከእሷ በፊት የነበረው ባልደረባ የተወላትን፣ ከፍታ መቆጣጠሪያው የሞተና ከአምስት ጎማው አንዱ የጎደለ ወንበር ትወርሳለች። አደላደሉ ፍትሐዊ መሆኑ አያከራክርም፤ የሹም ወንበር ባዶውን ሲውልም ግርማ ሞገስ ሊኖረው ይገባልና።

ይህን የሠመረ ሥርዓት የሚያውክ ኤርጎኖሚክስ የሚባል የጥናት ዘርፍ አለ፤ ትርጉሙም ሥራን፣ መሣሪያንና የሥራ ቦታን ከሠራተኛው አካል ጋር ማስማማት ሲሆን፣ አካልን ከተገኘው ዕቃ ጋር ሲያስማማ ለኖረ ድርጅት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የዘርፉ ሊቃውንት እግር ወለሉን በሙሉ እንዲረግጥ፣ ክርን በጠረጴዛው ልክ እንዲሆን፣ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝም ከዓይን እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ እንዲል ይመክራሉ፤ አምስት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ራስ ወደ ፊት በተደፋ ቁጥር በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታል፣ ጎብጦ መቀመጥም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉትን ዲስኮች ቀጥ ብሎ ከመቆም ይበልጥ ይጫናቸዋል ይላሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1713 ባሳተመው የሙያ በሽታዎች መጽሐፉ ሁለተኛ እትም የጸሐፊዎችን ሕመም ከመቀመጥ ብዛት፣ ከማያቋርጥ የእጅ እንቅስቃሴና ከአእምሮ ድካም ጋር አያይዞት ነበር፤ ሦስት መቶ ዓመት ብቻ ላስቆጠረ ምክር ግን የግዢ ክፍል አይቻኮልም።

ሠራተኞች በዚህ ረገድ ትዕግሥት ያንሳቸዋል። ስክሪኑ ዝቅ ሲልባቸው ሁለት ደስጣ ወረቀት ከሥሩ ይደረድራሉ፣ እግራቸው አልደርስ ሲላቸው የፋይል ካርቶን ይረግጣሉ፣ ወገባቸውን በተጠቀለለ ነጠላ ይደግፋሉ። ኤርጎኖሚክስ ያልተማረ ሰው በገዛ ሕመሙ እየተመራ ሳይንሱ ጋ ሲደርስ ማየት ያስገርማል፤ የውስጥ ኦዲተሩ ግን የጽሕፈት መሣሪያ ያለ አግባብ መያዙን መዝግቦ ስለሚያልፍ፣ ወረቀቱ ወደ ንብረት ክፍል፣ አንገቱም ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ ይመለሳል።

ቁጠባ እንዲህ ነው። የወንበር ዋጋ በፕሮፎርማ ላይ ስለሚታይ ያስደነግጣል፤ ለወገብ ፕሮፎርማ አይሰበሰብም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕመም ምክንያት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ደግሞ ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ወገቧን ይዛ ከሐኪም ወደ ወጌሻ ስትመላለስ ሦስት ወር ብትቆይ፣ ድርጅቱ ላልተሠራ ሥራ የሁለት ወር ደመወዝ ከፍሎ፣ በእሷ ቦታ ለሚሠሩት የትርፍ ሰዓት ጨምሮ፣ ሒሳቡንም አዘግይቶ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ደመወዝ በሚለው የሒሳብ መደብ ሥር ስለሚገባ ግን ለወንበር ሊወጣ ይችል የነበረ ገንዘብ መሆኑን የሚጠረጥር የለም። ያው አዋጅ አሠሪው የሠራተኞችን ጤንነትና ደኅንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ ድርጅቱም ግዴታውን አክብሮ በኮሪደሩ የእሳት ማጥፊያ ሰቅሏል፤ ወገብ ሲቃጠል ያጠፋ እንደሆነ አልተሞከረም።

እርግጥ ነው፣ ምርጥ ወንበርም ቢሆን ሳይነሡ ለሚውሉበት ሰው ዋስትና አይሆንም፤ ጡንቻ ደም እንዲያገኝ በየመካከሉ ብድግ ብሎ መንጠራራት ያስፈልጋል፣ ይህም አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ነገር ግን ብድግ ያለ ሠራተኛ በአለቃ ዓይን ሻይ ሊጠጣ የተነሣ ሥራ ፈት ነው። ለብዙ ዓመታት ይህን የጤና እረፍት ሳይጓደል ሲሰጥ የኖረው የመብራት መጥፋት ነበር፤ ስክሪኑ ሲጨልም ቢሮው በሙሉ ይነሣል፣ ትከሻ ይፍታታል፣ አንገት ይቃናል። የወንበር መግዣ በጀት የለም ተብሎ በተመለሰበት ዓመት አስተዳደሩ ይህንንም ክፍተት ደፈነው፤ ጄኔሬተር ተገዛ።