ጥቀርሻ በጋሎን

እኔ የምለው፣ ሰው በገዛ ገንዘቡ ጥቀርሻ ይገዛል? በእኛ ጊዜ ጥቀርሻ በነፃ ነበር። ማድቤት ገብቶ እሳት ማንደድ ብቻ ነው፤ ጣሪያው፣ ወራጁ፣ ምሰሶው ያለ ቀቢ፣ ያለ ብሩሽ ጥቁር ብሎ ያብለጨልጫል። እናቶቻችን በዓል በመጣ ቁጥር ያንን ጥቀርሻ ሲያራግፉ፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ሲለቀልቁ ወገባቸው ይቆረጥ ነበር። እኔም በስተርጅና ባሕር ተሻግሬ፣ ጭስ ከማይሸትበት ቤት ገባሁ ብዬ እፎይ ስል፣ ልጄ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሳሎኗን ቀይ የሸክላ ምድጃ ከላይ እስከ ታች ከል አለበሰችው።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ፋሽን ነው» አለችኝ።

ከል እንኳ ወግ አለው። ይለበሳል፣ ጊዜው ሲደርስ ይወልቃል። ይሄኛው አይወልቅም።

መጀመሪያ የቀለሙ ነገር። ጥቁር ጥቁር ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ልጄና ባሏ የቀለም ካርዳቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ማታ ማታ ሲሟገቱ ከረሙ። አንዷ «ሄይል ኔቪ» ናት፤ ሰማያዊ ናት ይላሉ፣ በፀሐይ ካላዩዋት ግን ሰማያዊነቷን የምትናገር አይደለችም። አንዱ «አይረን ኦር» ነው። አሸናፊው «ትራይኮርን ብላክ» ሆነ። ለእኔ ሦስቱም የምጣድ ቂጥ ናቸው። አማቼ ሊያስረዳኝ ብሎ ካርዱን ገልብጦ ቁጥር አሳየኝ። ቀለሙ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ የሚለካበት ነው፤ ዜሮ ድፍን ጨለማ፣ 100 ፍጹም ነጭ። የመረጡት ስንት አመጣ? 3! በእኛ ጊዜ ከመቶ ሦስት ያመጣ ልጅ ወላጅህን አምጣ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሳሎን መሀል ላይ የክብር ቦታ ይሰጠዋል።

ምድጃው ደግሞ እሳት መቼ እንዳየ የሚያስታውስ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ሆዱ ውስጥ ሻማ ተደርድሮበታል። እነሱ እሳት ሲያምራቸው ከምድጃው በላይ የሰቀሉትን ቴሌቪዥን ከፍተው የሚነድ እንጨት ቪዲዮ ያያሉ፤ እንጨቱ ይንጣጣል፣ እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ እንቀጠቀጣለሁ። ባለቤቴ ቡና ልቁላ ስትል ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ገና ቡናው ጠቆር ከማለቱ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ይጮሃል፤ ልጄ ፎጣ ይዛ ታራግባለች፣ የልጅ ልጆቼ መስኮት ለመክፈት ይሻማሉ፣ ውሻው ሶፋ ሥር ይገባል። እንግዲህ ፍረዱ፤ በዚህ ቤት ጭስ ክልክል ነው፣ የጭስ ቀለም ግን በጋሎን ይገባል።

ስለ ሸክላ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ እያለሁ እንጀራዬ ከግንበኛና ከማልታ ጋር ነበር። ሸክላ የሚቀላው ተቀብቶ አይደለም፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት ሲጠበስ ነው። ለዚህም አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ከእሳቱ የራቀው ብርቱካናማ ይላል፣ የቀረበው ይደምቃል፣ እሳቱ አፍ ላይ የዋለው ይጠቁራል። እዚሁ ጎረቤት ቨርጂኒያ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ግንበኞች በእንጨት እሳት የጠቆሩትንና ፊታቸው እንደ መስተዋት የለሰለሰውን ሸክላዎች ለይተው ያስቀምጡና ከቀዩ ጋር እያፈራረቁ ይደረድሯቸው ነበር፤ ግድግዳው የዳማ ገበታ ይወጣዋል። ዊልያምስበርግ የሄደ ሰው አይቶታል። ያ ጥቁረት እሳት ውስጥ ገብቶ የተገኘ ነው። የእኛው ምድጃ ጥቁረት የተገኘው በአንድ ቅዳሜ፣ ከፒዛ በፊት ነው።

ገና ሳይቀቡ የሸክላውን ነገር ስነግራቸው ልጄ ዝም አለች፤ አማቼ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ ኋይት ሐውስም እኮ የተቀባ ነው» አለኝ። አዎ፣ የተቀባ ነው። ግን ለምን? ድንጋዩ ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ፣ የክረምት ውርጭ እንዳይሰነጣጥቀው በ1798 ኖራ ተቀባ። ለጤናው ነው የተቀባው፤ ደግሞም ነጭ! የእናንተ ሳሎን ውርጭ ይገባዋል? ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ከዚያም ዋሽንግተን ያለውን የሕንፃ ሙዚየም ጠራሁበት። ከ1882 እስከ 1887 የተሠራ ነው፤ የአሜሪካው የርስ በርስ ጦርነት ዘማቾች ጡረታቸው የሚጣራበት መሥሪያ ቤት ነበር፣ ለዚህም እኔ ጡረተኛው እወደዋለሁ። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ወጥቶበታል። ያን ሁሉ ሸክላ አንድ ሰው ተነስቶ ጥቁር ላልብሰው አላለም። አማቼ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «ጋሼ፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ዓምዶች እያንዳንዳቸው 70,000 ሸክላ ናቸው፤ እብነ በረድ እንዲመስሉ ተለስነው የተቀቡ ናቸው ይላል» አለኝ። ይላል እንግዲህ። እሱ ልስን ነው! ልስንና ቀለም አንድ አይደሉም። ቢሆንም በዚያ ማታ ራቴን ቶሎ በልቼ ተኛሁ።

ተኝቼም አልቀረሁ፤ ካውንት ራምፎርድን ይዤ ተነሳሁ። እነሆ አሜሪካዊ ምስክር። ቤንጃሚን ቶምሰን የሚባል፣ በ1753 ማሳቹሴትስ፣ ዎበርን የተወለደ ሰው ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው በኋላ በአውሮፓ ነው። በ1796 ስለ ምድጃ ጽፎ የለንደንን ሰው ምድጃ ሁሉ አስፈረሰ። የምድጃውን ሆድ አሳጠረ፣ ግራና ቀኙን ወደ ሳሎኑ አጋደለ፣ የጭሱን ጉሮሮ አጠበበ፤ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ከመሮጥ ይልቅ ወደ ተቀመጠው ሰው ፊት እንዲመጣ። እና ጎንና ጎኑን ምን ይቀባ አለ? ነጭ ኖራ! ጥቁር ሙቀቱን ይውጠዋል፣ ነጭ ይመልሰዋል ብሎ። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ ልጄ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባዬ፣ እኛ የምንቀባው ፊቱን ነው፣ ውስጡን አይደለም። ደግሞ አናነድበትም።» የማይነድበት ምድጃ መሆኑን ራሷ መሰከረች፤ እኔ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ።

አንድ ነገር ግን እላለሁ። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ቀለም ሲለበስ ከጭስ ማውጫው የወረደ እርጥበት መውጫ ያጣና ቀለሙን እየገፈፈ ይወጣል። ያኔ ጥቁሩ ጥቁር ሳይሆን፣ ቀዩም ቀይ ሳይሆን ይቀራል። ልፋቀው ቢሉ ደግሞ ቀለሙ በየቀዳዳው ሰርጓል። በኬሚካል ማራስና መፋቅ ነው፣ ያም ሁሉን አያወጣም። በአሸዋ ግፊት ልጠበው ያለ ደግሞ እሳት ያጠነከረውን የሸክላውን ፊት ይልጠዋል፤ ቀለሙም ይሄዳል፣ ሸክላውም ይሄዳል። ልጄ ይህንን ሰምታ «ታዲያ ማን ሊያወልቀው ነው?» አለች። እሷ ስለ አሁን ነው የምታወራው፤ እኔ ቤቱን ስለሚገዛው ሰው አስባለሁ፣ የማላውቀው ሰው አሳዝኖኝ እንቅልፍ አጣሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ መፈጸሙ ካልቀረ በሥርዓት ይፈጸም ብዬ ወንበሬን ሳብኩና ተቀመጥኩ። እኔ ባልኖር ኖሮ እንዳለ ጥቀርሻው ላይ ሊቀቡ ነበር! ጥቀርሻና ቅባት ያለበት ሸክላ ቀለም አይዝም። ቲ.ኤስ.ፒ. በሚባለው ማጠቢያ፣ ጓንት አድርገው፣ በጠንካራ ብሩሽ እየፈተጉ አጠቡት፤ እኔ «እዚያ ጋ! እዚያ ጋ!» እያልኩ። የተፈረፈረውን ማልታ አስሞላሁ። እስኪደርቅ አስጠበቅኩ፤ ወጣት መጠበቅ አይወድም፣ ቀኑን ሙሉ በእጃቸው እየነኩ «ደረቀ አባዬ?» ሲሉኝ ዋሉ። ከዚያ ለሸክላ የሚሆን ፕራይመር፣ መጋጠሚያውን አስቀድሞ በብሩሽ፣ ፊቱን በወፍራም ሩሎ። ውስጡን ግን እንዳትነኩ አልኩ፤ እሳት ባይነድበትም ይነድበት ይሆናል። እሱን መቀባት የፈለገ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል ለብቻው የተሠራ ቀለም አለ፣ የግድግዳ ቀለም እዚያ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

ተቀባ። ባለቤቴም ከዳችኝ፤ «ቤቱን ግርማ ሰጠው» አለች። በማግስቱ ጥቁር ጀበናዋን ጥቁሩ ምድጃ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ቤቱን ስታምስ ዋለች፤ አይቻታለሁ፣ አልነገርኳትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ውይ ሲያምር!» ይላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የቀለሙን ስም ይጽፋል። አንዱ የቀበሌያችን ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ ቤት የገዛ፣ ደውሎ ያማከረው ልጄን ነው። ግንበኛው እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ! ፕራይመሩን ማን አስቀባ? ማልታውን ማን አስሞላ? «አባዬም ረድቶናል» ትላለች፣ ውሃ ያቀበልኩ ይመስል።

አሁን ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምራ ውጪ ወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ጭስ ማውጫውን ሽቅብ እያየች ነው። ያ ደግሞ ዝናብም በረዶም የሚመታው ነው። ባሏ ጋራዥ ውስጥ መሰላሉን ሲፈልግ ከረመ፤ ጎረቤት አውሶት ይሆናል ብሎ ሁለት ቤት አንኳኳ። ይፈልግ። አልጋዬ ሥር ርዝመቱ አልበቃ ብሎት ጫፉ ወጣ ብሏል፣ ጋቢ ጣል አድርጌበታለሁ።