ስለ ጥናታዊ ጽሑፍ አቀራረብ ከናሙናዎች የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 384/2018

ስማ፣ ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ላፕቶፕ ያነገትህ፣ ፍላሽ ያንጠለጠልህ፣ መጠይቅ በክላሰር ይዘህ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈህ ወደ ቆላ የምትወርድ ሁሉ፣ ከመኪናው ሳትወርድ ስማ!

መግቢያ

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት፣ ከቀወት ወረዳና ከቆላው ይፋት ጋር፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማሽላና ትምባሆ ከማብቀሏ በተጨማሪ የመመረቂያ ጽሑፍም የሚበቅልባት መሬት በመሆኗ፤

እኛ ነዋሪዎቿ በናሙናነት ተመርጠን፣ በሠንጠረዥ ተደርድረን፣ ወደ መቶኛ ተለውጠንና ተጠርዘን ዳገቱን ከወጣን በኋላ ወሬያችን ተመልሶ የማይሰማ በመሆኑ፤

ጽሑፉ የሚያልፈውም የሚወድቀውም ስለ እኛ እውነቱን በመናገሩ ወይም ባለመናገሩ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በኅዳጉ ስፋት፣ በፊደሉ መጠንና በነጠላ ሰረዙ ቦታ መሆኑን ከተመራቂ ልጆቻችን በመስማታችን፤

ይህም ሆኖ ቅርጽ የሚናቅ ነገር እንዳልሆነ፣ ዘመን፣ ስም፣ ቦታና መስፈሪያ በትክክል ካልሰፈሩ ከጽሑፉ ውስጥ የምንጠፋው እኛው እንደሆንን በመገንዘባችን፤

ማንም ባልሰጠን፣ ነገር ግን በየመጠይቁ አናት ላይ «የእርስዎ መልስ ለጥናቱ መሳካት ወሳኝ ነው» ተብሎ በጽሑፍ በተረጋገጠልን ሥልጣን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የናሙናዎች አዋጅ ቁጥር 384/2018» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ የተመረጠው፣ የሕዝቡ ብዛት በማይታወቅበት ጊዜ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ቀመሩ የሚያወጣው 384 ሰው ስለሆነ ነው። 385ኛው ሰው አልተጠየቀም፤ ሽንኩርቱን በሰላም እየኮተኮተ ነው።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ናሙና» ማለት ተፈልጎ የተገኘ ሰው ነው፤ «በዕጣ የተመረጠ ናሙና» ማለት ደግሞ ማሳው ከአስፋልቱ ዳር የሆነ ሰው ነው፤

ለ) «የጥናት ክፍተት» ማለት ተመራማሪው ያላነበበው ጽሑፍ ሁሉ ነው፤

ሐ) «አማካሪ» ማለት ረቂቁን ወራት አቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት «ፎርማቱን አስተካክል» የሚል ሰው ነው፤

መ) «የሚመለከተው አካል» ማለት ምክረ ሐሳብ ሁሉ የሚላክለት፣ አድራሻው ግን እስካሁን ያልተገኘ አካል ነው፤

ሠ) በወንድ ጾታ የተነገረው ሴትንም ይጨምራል። ሆኖም «የቤት እመቤት» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ከመደረጉ በፊት ሽንኩርቱን ማን እንደነቀለው ይጠየቅ።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ቅርጽ

3. ስለ ኅዳግ

የግራው ኅዳግ ከቀኙ ይስፋ። ጥረዛ የሚበላው የግራውን ዳር ስለሆነ ኅዳጉን ያጠበበ ሰው የየመስመሩን መጀመሪያ ለጠራዡ አስረክቧል። «የገበሬው ገቢ» በአንደኛው መስመር አልቆ «አልተሻሻለም» የሚለው በቀጣዩ መስመር መነሻ ላይ ቢወድቅ፣ «አል» ሙጫው ውስጥ ቀርቶ እኛ ሳናውቀው ገቢያችን ተሻሽሎ ይገኛል።

4. ስለ ፊደል

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ታይምስ ኒው ሮማን 12 ያድርግ፤ መስመሩን በ1.5 ያራርቅ፤ ይህን የማያውቅ ስለሌለ አናብዛው። በአማርኛ የሚጽፍ ግን በዩኒኮድ ይጻፍ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በተለመዱት የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ሥራ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ላይ በደህና ያደረ ምዕራፍ አራት ደብረ ብርሃን ሲከፈት ማንም የማያነበው ቋንቋ እንዳይናገር፣ ከመላኩ በፊት ፎንቱ ተካቶበት በፒዲኤፍ ይቀመጥ።

5. ስለ ማውጫ

በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሆነውን እንመዝግብ። ወሩ ግንቦት ነው፤ ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ጸሐፊዋ «ምዕራፍ አንድ» ብላ ከጻፈች በኋላ የነጥቧን ቁልፍ ተጭና ትይዛለች። ነጥቦቹ ተሰልፈው ይሮጡና መስመሩን አልፈው ይወርዳሉ፤ በባክስፔስ ትመልሳቸዋለች፤ አንዲት ነጥብ ትጨምራለች፤ አንዲት ትቀንሳለች። ተመራቂው ከጀርባዋ ቆሞ «እህቴ፣ 17 ቁጥር ከ23 ጋር አልገጠመም» ይላል። ሁለት ገጽ ማውጫ እንዲህ ተለቅሞ ሲያልቅ አማካሪው ይደውላል፦ ምዕራፍ ሁለት ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። አንቀጹ ይጨመራል፤ ገጹ ሁሉ ወደፊት ይገፋል፤ ማውጫው ከነነጥቡ ውሸት ይሆናል። እንደገና ልትጀምር ስትል መብራት ይሄዳል።

ስለዚህ ነጥብ በእጅ መደርደርና ርዕስን ስፔስ እየመቱ መሐል ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ርዕሶቹን በሄዲንግ ስታይል ያስቀመጠ ሰው ማውጫው በአንድ ጠቅታ ይወጣለታል፤ ገጽ ሲገፋም በአንድ ጠቅታ ይታደሳል። የተረፈው ጊዜ እኛ ያልነውን መልሶ ለማንበብ ይዋል።

6. ስለ ገጽ ቁጥር

ከምስጋና እስከ አኅጽሮተ ጥናት ያሉት ገጾች በሮማውያን ቁጥር ይቆጠሩ የሚለው ደንብ፣ የራሱ ቁጥር ባለው አገር ያለ ክርክር ሲሠራበት ኖሯል። ከእንግዲህ ፩፣ ፪፣ ፫ ተፈቅዷል። «የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ «የሮማውያኑም የለውም» ተብሎ ይመለስ።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ዘመን፣ ስም፣ ቦታና መስፈሪያ

7. ስለ ዘመን

ማጀቴን ያፈረሰው፣ ካራቆሬን የጎዳው ርዕደ መሬት የደረሰው በ1953 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጆቹ 1961። ሽማግሌው «በ53» ብለው የነገሩትን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ «1953» ብሎ ያለ ማብራሪያ የከተተ ሰው ማጀቴን በ8 ዓመት ቀድሞ አፍርሷታል። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፒየር ጉዋን መሬት የተንቀጠቀጠበትን ቀን ፈልገው ሲመዘግቡ፣ የቀኑን አቆጣጠር መጻፍ የሚያደክመው ተመራማሪ ምን ሊለን ነው? ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ከየቀኑ ጎን ይጻፍ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑም አይረሳ።

8. ስለ ስም

ስለ ይፋት ሱልጣኔትና ስለ ወላስማ ሥርወ መንግሥት የሚጽፍ ሁሉ በ1972 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ የታተመውን የታደሰ ታምራትን መጽሐፍ መጥቀሱ አይቀርም። የዋቢ ዝርዝሩ ሲገለጥ ግን የሚገኘው «ታምራት፣ ታ.» ነው፤ ልጅ ይጽፋል፣ አባት ይጠቀሳል። እኛ የቤተሰብ ስም የሌለን ሰዎች ነን፤ የአባታችን ስም የአባታችን ነው። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ኢትዮጵያዊውን ደራሲ በራሱ ስም ሲጠቅስ ኖሯል፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም እንዲሁ። የዋቢ ማደራጃዎቹ ዞቴሮና ሜንደሌይ ስሙን ገልብጠው ቢያወጡት ፕሮግራሞቹ የአገሩን ልማድ ስለማያውቁ ነው፤ አንተ ግን ታውቃለህ፤ ገብተህ አርም። የውጭ መጽሔት በራሱ ደንብ ካስገደደህም ቢያንስ ያንኑ ሰው ገጽ 4 ላይ በራሱ፣ ገጽ 40 ላይ በአባቱ ስም አትጥራው።

9. ስለ ቦታ

ከተማችን በላቲን ስትጻፍ በሽፋኑ ላይ ሸዋ፣ በካርታው ላይ ሾአ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ሾዋ እንዳትሆን አንዱ ይመረጥና እስከ መጨረሻው ይያዝ። ይፋትና ኢፋት፣ ቀወትና ከወት አንድ ጽሑፍ ውስጥ አይገናኙ።

የጥናቱን አካባቢ መግለጫ ከሌላ ወረዳ ጽሑፍ ቀድቶ፣ «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ የወረዳውን ስም ብቻ ለውጦ ማስረከብ ክልክል ነው። ስሙ ተተክቶ የተረሳው ዓሣ አጥማጅ ቀወት ላይ መረቡን ይዞ ቆሞ ሐይቁን ሲፈልግ ይኖራልና። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለ ደራሲው ይደነግጋል፤ ስለ ዓሣ አጥማጁ ግን ይህ አዋጅ ይደነግጋል።

10. ስለ መስፈሪያ

ጥማድ ብለን የነገርንህን ሄክታር ብለህ ከጻፍክ መሬታችንን አራት እጥፍ ገደማ አስፍተህልናል፤ ግብር ሰብሳቢ ጽሑፍህን ካነበበ ከፋዩ አንተ ነህ። ጥማዱ በስንት እንደተባዛ ምዕራፍ ሦስት ላይ ይጻፍ።

ክፍል አራት፦ ስለ ናሙናዎች መብት

11. ስለ ቀመር

ያማኔ የሚባሉ ሰው በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያት ስማቸው በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ከማናችንም በላይ ይጠራል። ቀመራቸውን አንቃወምም። ለ10,000 ሕዝብ በዚያው በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ሲሰላ 10,000 ለ26 ይካፈልና 385 ሰው ገደማ ይወጣል። በአንቀጽ 1 እንደተገለጸው ግን ብዛቱ ለማይታወቅ ሕዝብ የበቃው 384 ነው። ከሰፊው ሕዝብ ያነሰ፣ ከጠባቡ የበዛ ናሙና ሲወጣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልደነገጠ ተመራማሪ ቁጥሩን ገልብጧል እንጂ አላሰበበትም። ደግሞም የትኛውም ቀመር ዝርዝርና ዕጣ ይፈልጋል፤ የቀበሌ መዝገብ ሳይገለጥ፣ ዕጣ ሳይወጣ አስፋልት ዳር ቆሞ 385 መቁጠር ተሳፋሪ መጥራት ነው።

12. ስለ መጠይቅ

ከጥያቄ ቁጥር 1 በፊት ሰላምታ አለ፤ ቁጥር ባይኖረውም አይዘለልም። አረጋዊው «አባባ» ወይም «ሼህ»፣ እናቲቱ «እማማ» ይባሉ እንጂ «መላሽ 112» አይባሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጠይቅ ይዞ ማሳው ዳር እንደመጣ መተርጎም ቀርቷል፤ አስቀድሞ በአማርኛ ተጽፎ ይምጣ፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቅ። ሊከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሲሰጠን በመካከሉ ያለችውን 3ን፣ «ለመወሰን እቸገራለሁ» የምትለውን፣ አክብረን ተቀብለናል።

13. ስለ ጥናት ክፍተት

«በዚህ ርዕስ በአካባቢው ከዚህ በፊት ጥናት አልተካሄደም» ብሎ መጻፍ የሚፈቀደው የተጠየቀው ገበሬ «ባለፈው ዓመትም አንዱ ልጅ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር» ካላለ ብቻ ነው።

14. ስለ ምስጋናና ምክረ ሐሳብ

ምስጋናው ከፈጣሪ ጀምሮ በአማካሪ፣ በቤተሰብና በጓደኛ በኩል ወርዶ እኛ ዘንድ በመጨረሻው መስመር ይደርሳል፤ ተራው ይሁን፤ ቀበሌያችን ግን በስሟ ትጠራ። «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል። የመስኖ ቦዩን የሚጠርገው፣ የማሾውን ዘር የሚያቀርበው፣ የሽንኩርቱን ገበያ የሚያገናኘው ማን እንደሆነ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይጻፍ።

15. ስለ ቅጂ

በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል አገር አቀፍ ፖሊሲ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እሰየው ብለናል። ይሁንና «ለሁሉም ክፍት ነው» ማለት በእንግሊዝኛ የተጻፈ 90 ገጽ ፒዲኤፍ መረብ ላይ አለ ማለት ሆኖ እንዳይቀር፣ ለፈተና ከሚጠረዙት ቅጂዎች ሌላ አንድ ቅጂ፣ ከሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ጋር፣ ለተጠየቅንበት ቀበሌ ይሰጥ። ማጠቃለያው ኅዳግ ባይኖረውም እንቀበላለን።

ክፍል አምስት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

16. ቅጣት

ሀ) በማውጫ ላይ ነጥብ በእጁ የደረደረ በሚያዝያ ፀሐይ፣ በቀትር፣ አንድ መደብ ሽንኩርት ይነቅላል፤

ለ) ልጅ የጻፈውን በአባት ስም የጠቀሰ የራሱ ዲግሪ በአባቱ ስም ይሰጠዋል፤

ሐ) የቀበሌ መዝገብ ሳያይ «በዕጣ መረጥኩ» ያለ 385ኛውን ሰው ፈልጎ ያመጣል።

17. የተሻሩ ሰነዶች

«ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «እውነተኛው ፋይናል» እና «የመጨረሻው ፋይናል የታረመ» የሚሉ ፋይሎች በሙሉ በዚህ አዋጅ ተሽረዋል። ረቂቅ ከነቀኑ ይሰየም፤ ከፍላሹም ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው፤ ሾርትከት ቫይረስ ለማንም ተመራቂ አይራራምና።

18. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከእኛ የሄደ አንድ ጥናት ተጠርዞ፣ ጣርማ በርን ቁልቁል አልፎ፣ ከቀበሌያችን ጠረጴዛ ላይ ካረፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ለሚቀርብልን ጥያቄ ሁሉ መልሳችን 3 ነው።

ናሙናዎቹ